የዶርቃስ ዜማ፣ ዝቅ ብሎ

ጧ! ቀጭኗ ክር ተበጥሳ ጉንጬን ትለበልበኛለች። ቫዮሊኑን ከአገጬ ሥር አውጥቼ መቃኛውን አየዋለሁ። ከኪቦርዱ የተሰጠኝን ድምፅ ተከትዬ ነው እኮ ያጠበቅኩት!

«ጉርሙ፣ ትራንስፖዙ ስንት ላይ ነው?»

ጉርሙ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን ያያል። ቀና አይልም። «ሁለት» ይላል ቀስ ብሎ።

አይ ጉድ! ጠዋት ኳየሩን ሲያጅብ፣ ጣቶቹ ከለመዷቸው ቁልፎች እንዳይወጡ፣ ድምፁን በአዝራር ከፍ አድርጎት ነበር። የእኛ ኪቦርዲስቶች ሁሉ አመል ነው፤ ዘማሪው የትም ይውጣ፣ እነሱ አዝራር ተጭነው በለመዱት ይጫወታሉ። ሳይመልሰው፣ ለመቃኛ የ«ላ»ን ኖታ ስጠኝ ስለው ሰጠኝ፣ እኔም አምኜ ጠመዘዝኩ።

«እጅህ ይቆረጥ!» እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ መሆኔ ትዝ የሚለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

«የጊታር ክር ፈልጌ ላምጣ?»

«ለምን የልብስ ማስጫ ገመድ አታመጣም!»

መለዋወጫ የለኝም። የቫዮሊን ክር አምቦ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነው። ከግድግዳው ማዶ ስብከቱ ወደ መዝጊያው እየሄደ ነው፣ አሜኑ በዝቷል። ቀጥሎ እኛ ነን።

ኦቦ ተሬፋ ይገባሉ። ቫዮሊን ያስያዙኝ መምህሬ ናቸው፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። «ኦርኬስትራዬ» ይሉናል። ሦስት ነን፤ እኔ፣ ቼሎ የምትጫወተው ናኦሚና ይሄ ጉድ። ዛሬ የምናቀርበው ዜማ ባለቤታቸው አዴ ዶርቃስ ካረፉ በኋላ ኦቦ ተሬፋ ለመታሰቢያቸው የጻፉት ነው። አዴ ዶርቃስ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ሶፕራኖ ነበሩ፤ ዜማውም እሳቸው ይዘምሩበት በነበረው ከፍታ ላይ፣ በቀጭኗ ክር ነው የሚሄደው። በጉባኤ ፊት ተሰምቶ አያውቅም። እህቶቻቸው ለዚሁ ብለው ከጌዶ መጥተው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ቫዮሊኑን አሳያቸዋለሁ። የተንጠለጠለችውን ክር በጣታቸው አንስተው ያዩዋታል።

«ቲቸር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል ጉርሙ። «ኪቦርዱ ላይ የቫዮሊን ድምፅ አለ፣ ከፈለጉ እኔ...»

«አንተ ዝም በል!» ትለዋለች ናኦሚ፣ ሰው ተናግራ የማታውቀዋ።

«በሁለተኛዋ ክር ጣቴን ወደ ላይ ገፍቼ እደርስበታለሁ» እላለሁ እኔ። «ድምፁ ይሰልላል፣ ቢሆንም የአዴ ዶርቃስ ከፍታ አይነካም። ወይም ደግሞ አንድ ኦክታቭ ወርጄ ልጫወተው። ግን ያኔ የሶፕራኖ ዜማ መሆኑ ይቀራል።»

ከፍ አድርጊው እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነኝ። እሳቸው ግን በሩን ገፋ አድርገው ይዘጉና ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

«ከክረምቱ ወዲህ ቀጭን ድምፅ ጆሮዬ አይገባም» ይላሉ። «የናኦሚ ይሰማኛል። የአንቺን ግን ቀስትሽ ሲሄድ አያለሁ እንጂ አልሰማሽም፣ ቢሊሴ።»

ክው እላለሁ። እኔ ሞኟ፣ በልምምድ ላይ መቆጣታቸውን ሲተዉ በቃ ሰው ሆንኩ ብዬ ነበር! ድሮ አንዲት ኖታ ብትንሸራተት ሙሉ ገጽ የሚያስደግሙኝ ሰውዬ «ጎሽ፣ ቀጥይ» ሲሉኝ፣ ደረቴን ነፍቼ ነበር ወደ ቤቴ የምሄደው።

«ታዲያ ለምን ዝቅ አድርገው አልጻፉትም?» ትላለች ናኦሚ።

«ዶርቃስ እዚያ ላይ ነበር የምትዘምረው። ለእኔ ጆሮ ብዬ እሷን ላውርዳት?»

የገዛ ዜማቸውን ሳይሰሙት ሊቀሩ ነው እኮ፤ ያውም እኛ ፊታቸው ቆመን እየተጫወትነው!

«አዴ ዶርቃስ ጌታ ጋ ናቸው» እላለሁ። «እዚያ ከእኛ የሚሻል ዝማሬ አያጡም። እዚህ የቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«እህቶቿ ምን ይሉኛል?»

«በጉርሙ እናላክካለን።»

ጉርሙ በእሺታ ራሱን ቶሎ ቶሎ ይነቀንቃል። ዛሬ ምንም ቢጫንበት ደስ ብሎት ይሸከማል።

ኦቦ ተሬፋ ከወንበራቸው ይነሳሉ። ከዚያ «ማሎ» ይሉኛል፤ ሲለማመጡ በኦሮምኛ ነው። «ማሎ ቢሊሴ፣ ዝቅ አድርጊልኝ።»

መድረኩ ላይ ስንወጣ ጉርሙ ሳልጠይቀው ስክሪኑን ያሳየኛል፤ ዜሮ። ሦስቱን ክሮች እቃኛለሁ። ኦቦ ተሬፋ ፊት ለፊታችን ቆመው እጃቸውን ያነሳሉ፣ ናኦሚ ትጀምራለች፣ እኔም እገባለሁ። ከአዴ ዶርቃስ እህቶች አንዷ ግንባሯን ቋጥራ ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ታዘነብላለች። ይህን ሳይ እደነግጣለሁ። ጣቶቼም ቢሆኑ ዜማውን በዚህ ቦታ አልለመዱትም፤ ሁለተኛው መስመር ላይ አንዷ ኖታ ጋ ሳልደርስ እቀራለሁ። እንዳላወቀ ሰው ቀጥዬ ልሄድ ስል፦

«ቢሊሴ!»

ያንሾካሾኩ መስሏቸዋል። ድምፃቸው ግን በር ላይ እስከቆሙት አስተናጋጆች ይደርሳል።

«ወርዳለች! ሦስተኛዋ ኖታ ወርዳለች፣ አስተካክያት!»

ጉባኤው ይስቃል። ናኦሚ ቀስቷን አየር ላይ እንደያዘች ዞራ ታየኛለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

«እሺ፣ ቲቸር!» እላለሁ ጮክ ብዬ፣ መስመሩንም ከመጀመሪያው እደግመዋለሁ።