ሦስተኛው መስመር

በቅጥር ፎርሙ ላይ ለትምህርት የተተወው ሦስት መስመር ብቻ ነው። ያልተጻፈ ትምህርት በተቀጠሩ ማግስት ከጭንቅላት ይጠፋል፤ ሕጉ ነው። ትርሲት ነርስነትና እንግሊዝኛ ጻፈች። ሆስፒታሉ ኮምፒውተርም ይፈልጋል፤ እሷ ግን ሦስተኛው ላይ «የምልክት ቋንቋ» ብላ ሞላች።

መስማት የተሳናቸው አባቷ አይተው ሰረዙት።

«እኛ በወረቀት እንግባባለን» አሏት በእጃቸው። «እንጀራሽ እንዳያመልጥሽ፣ ኮምፒውተሩን ጻፊ።»

ጻፈች፤ ተቀጠረች።

በማግስቱ ጠዋት ልትወጣ ስትል አባቷ ትከሻዋን ነክተው በእጃቸው አንድ ነገር አሏት። አልገባትም። ጨነቃትና ያንኑ ምልክት እንዳየችው አድርጋ መለሰችላቸው። አባቷ ሳቁ፤ ጠረጴዛው ላይ የረሳችውን ምሳ ዕቃ አምጥተው ሰጧት።

ምሳ ዕቃውን ታቅፋ ምልክቱን ደገመችው። በሠላሳ ዓመቷ ከአባቷ የመጀመሪያ ቃሏን ተማረች፤ ምሳ።