ሳንባ ጎማ አይደለም

«አፍሽን ክፈቺ፣ ትንፋሽሽን ያዢ» አለና ጎሚስታው የአስም ፓፉን ልጁ አፍ ላይ ደግኖ ሁለቴ ተጫነው። ግማሹ ምላሷ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ጉም ሆኖ በአፍንጫዋ ሥር አመለጠ። እሱ ግን ደረቱን ነፋ። ሃያ ዓመት ጎማ ሲሞላ ለኖረ ሰው የአየርን ነገር ማን ሊያስተምረው!

አሰጣጡን ስታይ የነበረችው የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ጋሼ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሰጧት?» አለችው።

«ጠዋት ማታ። አስታጉዬ አላውቅም።»

«ትምህርት ቤትስ እንዴት ናት?»

«እንዳትሮጥ ለአስተማሪዋ ነግሬያለሁ። የሮጠች ለት ደረቷ ሲያፏጭ ያድራል።»

የሰባት ዓመቷ ሚጢጢ ጫማዋን እያየች «በእረፍት ሰዓት የልጆቹን ሹራብ እይዛለሁ» አለች።

ነርሷ ወንበሯን አስጠጋች። «ጎማ ሲሆን እርስዎ ይገፉለታል፣ ይሞላል። ሳንባ ግን ራሱ ነው የሚስበው። ትንፋሿን ስትይዝ መድኃኒቱ በየት ይግባ? ምላሷ ላይ ነው የሚቀረው።»

ጎሚስታው ክው አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ! ከመድኃኒቱ ጋር የመጣችውን ወረቀት ሳያያት ነበር የጣላት፤ አየር ለመንፋት ደግሞ ንባብ ምን ይሠራል ብሎ። ማንም አላሳየኝም ሊል አሰበና ተወው።

«እስቲ እንደገና አሳዪኝ እህቴ። ቀስ ብለሽ፤ እኔ ደደብ ነኝ።»

«ደደብ መች ይጠይቃል» አለችና ከመሳቢያዋ የፕላስቲክ ቱቦ አወጣች። ፓፉ በአንዱ ጫፍ ይሰካል፣ ሌላው ጫፍ አፍ ውስጥ ይገባል፤ አንዴ ተጭኖ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ከዚያ እስከ አስር እየቆጠሩ ትንፋሽን መያዝ። ጎሚስታው ባዶውን ቱቦ ጎርሶ ዓይኑን አፍጦ ሲስብ ሚጢጢ በሳቅ ፍርስ አለች። ተራዋ ሲደርስ ግን በትክክል ሳበችው። አንዲት ጉም አላመለጠችም።

«በየቀኑ እንዲህ ይስጧት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለውጡን ያዩታል። ሩጫ አይከልክሏት፤ ሲደክማት ታርፋለች» አለች ነርሷ።

ግቢው ውስጥ ሚጢጢ የአባቷን ፊት አየች። «አባዬ፣ እስከ በሩ?»

ቀስ በይ የሚለው ቃል ምላሱ ላይ መጣ። ዋጠው። «እስከ በሩ» አላት።

መጀመሪያ አላመነችውም። ከዚያ ተፈተለከች። አባትየው ባለበት ቆሞ ቀረ። ልጁ ስትሮጥ ልክ እንደ እናቷ ግራ እጇን እንደምታወናጭፍ እስከ ዛሬ አያውቅም ነበር።