ትራስ ታቅፎ መዘመር

ሦስተኛው መስመር ላይ የስመኝ ድምፅ ተቆረጠ። ኪቦርዱም ቆመ። አሌክሳንድሪያ በተከራዩት ቸርች ምድር ቤት ውስጥ መዘምራኑ ወለል ወለሉን አዩ።

«አይዞሽ እህት ስመኝ፣ ከእረፍት በኋላ አንዴ እንደግመዋለን» አለ መሪው ኃይለልዑል። አነጋገሩ ለስላሳ ነው፤ ሰዓቱን ግን አየት አደረገ። ነገ እሁድ ነው። ዛሬ ካልቻለችው ብቻዋን የምትዘምረው ሶሎ ለሌላዋ ዘማሪ ለፀዲ ሊሰጥ ነው፤ ፀዲ ደግሞ ዓይኗን ጨፍና መለማመድ ከጀመረች ቆይታለች።

ስመኝ በኦፕሬሽን ከወለደች ሰባት ሳምንቷ ነው። ሕፃኑን ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቷ ለባሏ ትታ ነው የመጣችው። ሐኪሟ ድነሻል ብሎ ክሊር አድርጓታል፤ እሱ ምን ቸገረው፣ አይዘምር። አፏን ስትከፍት ከእምብርቷ በታች ባዶ ይሆንባታል፤ ትንፋሿ የሚይዘው ያጣል። ሆዴን ሲከፍቱ ድምፄንም አብረው ቆርጠውታል ብላ ፈርታለች። ለባሏ እንኳ አልነገረችውም።

እትዬ ፅጌ ወደ ጥግ ሳብ አደረጓት። ከመዘምራኑ ወፍራሙን የሴት ድምፅ የሚይዙ አልቶ ናቸው፤ በሥራ ቀን ኦፕሬሽን ክፍል ለሐኪሞች መቀስ ያቀብላሉ።

«ጡንቻዬን ቆርጠውታል አይደል እትዬ?» አለች። እንባዋ መጣ።

«ማነው ያለሽ? የሚቆርጡት ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ጠንካራ ሽፋን ነው። ጡንቻው ከደረት እስከ ታች ጎን ለጎን ሁለት ሆኖ ነው የሚወርደው። መሃሉን ከፍተው ግራና ቀኝ ገፋ ነው የሚያደርጉት፣ እንደ መጋረጃ። እዚያው አለልሽ። ሰንፎ ነው።»

ስመኝ አላመነቻቸውም።

«ስታስዪ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ትራስ ሆዴ ላይ እጫናለሁ። ነርሷ ናት ያሳየችኝ።»

«ታዲያ ስትዘምሪ ትራሱን የት ጣልሽው?»

«እንዴ እትዬ፣ ትራስ ታቅፌ መድረክ ልውጣ?» ሳቋ መጣ፤ ሳቁም አመማት።

ኃይለልዑል አጨበጨበ። ሲሰለፉ እትዬ ፅጌ የአልቶዎቹን መስመር ትተው ቀጭኑን ድምፅ የሚዘምሩት ሶፕራኖዎች መሃል፣ ስመኝ አጠገብ ገብተው ቆሙ። ኃይለልዑል አንድ ነገር ሊል ብሎ ተወው።

ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ የእትዬ ፅጌ መዳፍ ከጎን መጥቶ ከስመኝ ጠባሳ ከፍ ብሎ ተጫነ። ስመኝ ትንፋሿን እዚያ ላይ አስደገፈች። ድምጿ ወጣ። ፀዲ ዓይኗን ገለጠች።

መስመሩ ሊያልቅ ሲል፣ ከውስጥ ጡንቻዋ የእትዬ ፅጌን መዳፍ መልሶ ገፋው።