ከወለሉ ሥር

የቧንቧ ሠራተኛው በትንሿ ክፍል ወለል ላይ ተንበርክኮ ማዳመጫ መሣሪያውን ቀስ እያለ ሲያንቀሳቅስ፣ አሮጊቷ ኦክቡን በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር። ከወለሉ ሥር ተቀብሮ ቤቱን የሚያሞቀው የሙቅ ውሃ ቧንቧ የሆነ ቦታ ያፈሳል፤ ማሞቂያው በየቀኑ ውሃ ይጎድለዋል፤ የኮሪያዋ ከተማ የቹንቾን ብርድ ደግሞ እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ሰውየው ሁለቱን ትልልቅ ክፍሎች ፈትሾ ምንም አላገኘም። አሁን ግን መሣሪያውን ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል አርቆ አቆመና ወለሉ ላይ በጠመኔ ክብ ሠራ።

“እዚህ ጋ ነው፣ እማማ። እስቲ ይስሙት።”

የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀላት። መጀመሪያ የራሷን ትንፋሽ ሰማች። ቀጥሎ ቀጭን፣ የማያቋርጥ የውሃ ድምፅ መጣ።

“ከጀመረው ስንት ጊዜ ይሆነዋል?”

“ከሲሚንቶው እርጥበት እንደማየው ዓመት ሳያልፈው አይቀርም። ጆሮውን ወለሉ ላይ አድርጎ ለሚተኛ ሰው ካልሆነ ደግሞ እንዲሁ አይሰማም።”

ኦክቡን የጠመኔውን ክብ ተመለከተች። ባሏ ፍራሹን ዘርግቶ ይተኛ የነበረው እዚያው ላይ ነው። ያለፈውን የብርድ ወራት ሙሉ “ከሥሬ ውሃ ይሄዳል” እያለ ይቀሰቅሳት ነበር። “እንግዲያስ መረብ ጣልበት” ብላ ሳቀችበት። ኋላም ጃጅቷል ብላ ለልጆቿ ነገረቻቸው፤ እነሱም የአረጋውያን መጦሪያ አስገቡት።

ሠራተኛው መዶሻውን ሲያነሳ ክንዱን ያዘችው።

“ዛሬ አትስበረው፣ ልጄ። ነገ ባለቤቴን ላምጣው። መጀመሪያ አብረን እንስማው።”