በፀሐይ የሚከፈት በር

በዚያ ዘመን የዘላቂ ኃይል ምህንድስና ማስተርስ ተማሪ የመኝታ ክፍሉ በር የሚከፈትለት ራሱ ባመነጨው ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር። ውሸት ካልኩ ምላሴ ይቆረጥ! ነፋስ ያጠናው ጎረቤቱ እንደ ልቡ ይወጣል ይገባል። ፀሐይን የመረጠው አንዳርጌ ግን ክረምቱ ከገባ ጀምሮ እንደተቆለፈበት ነው። እናቱ ወይዘሮ አስካለ ዳቦውን ትተው በበሩ ሥር የሚሾልክ ስስ ቂጣ መጋገር ለምደዋል።

«ውጣ እንጂ! የእህትህ ልጅ ክርስትና እኮ ዛሬ ነው።»

«እማዬ፣ ይኸው ፀሐይ ወጥታ እንኳ በሩ እምቢ አለኝ! ሰገነቱ ላይ ያለው የፀሐይ ሰሌዳዬ ምን ነካው?»

«ያ ጥቁር መስታወት? ዝናብ ሲደበድበው አንጀቴን በላው፤ ሰኔ ላይ በጋቢዬ ሸፈንኩልህ።»

አንዳርጌ በሩን በሁለት እጁ ደበደበ። «አንሺው! አሁኑኑ!»

«ምን ያስጮህሃል? ደመናው መጣ፤ ይልቅ ብርድ ልብስ ልደርብበት» ብለው ደረጃውን ወጡ።