ከሠላሳ ቀን በታች

«ጋሽ ኃይሌ፣ መቼ ትመለሳለህ ነው የምትለው» አለች ሄራን።

አንተ የምትለው ንቃው አይደለም፤ አትላንታ ያደገ ልጅ አንቱታ አይደርሰውም። የጓደኛው የሙላው ልጅ ናት። አባቷ ስለለመናት ብቻ የምሳ ሰዓቷን ሠውታ ልታስተረጉምለት መጥታለች።

ኃይለመስቀል በመስኮቱ ማዶ ቅጽ ዘርግታ የምትጠብቀውን ሴትዮ አየና ምርኩዙን አስተካከለ። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት እግሩን ከጨፈለቀው አምስት ዓመት ሆነው። ከከተማው ዳር ስኮትዴል ያለችውን አንድ ክፍል ቤት የሚከራየው ይሄ የመንግሥት ቢሮ በየወሩ በሚልክለት የአካል ጉዳት ገንዘብ ነው።

«እናቴ አገር ቤት በጠና ታማለች በያት። መቼ እንደምመለስ በምን አውቃለሁ?»

«ነገርኳት። ሶሪ ብላለች። ግን ዴት፣ የምትመለስበትን ቀን ትፈልጋለች። ሠላሳ ቀን ውጭ ከቆየህ ቼኩ ይቆማል። ስትመለስም፣ ላይክ፣ ሌላ ሠላሳ ቀን እዚህ ካልቆየህ አይለቁልህም።»

ሁለት ወር ያለ ኪራይ! አከራዩ ሁለት ሳምንትም አይታገሥም። ዕቃው ደጅ ይጣላል፤ አንስቶ የሚያስቀምጥለት ዘመድ በዚህ ከተማ የለውም።

ኃይለመስቀል በጣቱ መቁጠር ጀመረ። መንገዱ ሁለት ቀን ይበላል። ከዚያ ቀብሩ፣ ሠልስቱ፣ አርባው። አርባው በምንም ተአምር ሠላሳ ውስጥ አይገባም። እሺ፣ አርባው ይቅር፤ እህቶቹ ያወጡታል። አፈር ካለበሳት ይበቃዋል። በገባ በሁለተኛው ሳምንት ብታርፍ ከለቀስተኛ ጋር ተቀምጦ ይመለሳል። በሦስተኛውም ቢሆን ይደርሳል። ከዚያ ካለፈ ግን…

እጁን ሰበሰበ። የገዛ እናቱን መሞቻ ቀን እየቆረጠ ነበር። ሰው ያየው ይመስል ፊቱ ጋለ።

«ከቆየችስ?» አለ ቀስ ብሎ።

ሄራን ግራ ገባት። «ማን? እናትህ? ኖ፣ እሱማ ጥሩ ነው እኮ!»

ጥሩ ነው። ከቆየች በሕይወት እያለች ተሰናብቷት ይመጣል፤ ከዚያ መርዶውን ስኮትዴል ብቻውን ተቀምጦ ይሰማል። ለዚህች ትኬት ሦስት ዓመት አጠራቅሟል፤ ሁለተኛ የለችም። ይህን በምሳ ሰዓቷ ለመጣች ልጅ እንዴት ያስረዳል?

«በሃያ ዘጠነኛው ቀን እዚህ ነኝ በያት።»

ሴትዮዋ ካላንደሩ ላይ ቆጥራ ጻፈች። ፈረመ። ወረቀቱን ስታቀብለው ብዕሯን አስቀመጠች፤ ዓይኑን እያየች ረጋ ብላ አንድ ነገር ተናገረች። ደግ ፊት ነበራት።

ሄራን ተርጓሚነቱ ደስ እያላት ወደ እሱ ዞረች። «እናትህን እግዚአብሔር ይማርልህ ብላለች።»

ኃይለመስቀል ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ቀን መለሰ። ልጅቷ ምናልባት አልሰማ ይሆናል ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችለት፤ እንዲህ ሲባል ምን እንደሚመለስ ቤቷ ተምራለችና አሜን እስኪል ጠበቀችው።

እሱ ግን ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈው፤ ከዚያ ደግሞ ስምንት።