ባለፋይበሩ

ፀጋው ከእንጅባራ ነጋዴዎች ሁሉ የሚያከብረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ነው። ሌላው በሲም ኢንተርኔት የሚንፏቀቅ ሲሆን፣ እሱ ግን ባለፋይበር ነው።

ጽሑፍ በሚተይብበትና ፎርም በሚሞላበት ሱቁ ግድግዳ ላይ፣ ሰኔ ላይ የተለካውን ፍጥነት አሳትሞ፣ በላሚኔሽን አሽጎ ሰቅሎታል። ሃምሳ ሜጋ። ከሥሩ በእጁ፣ «የሲም ኢንተርኔት፦ አራት፣ እሱም ደመና ከሌለ» ብሎ ጨምሮበታል። ማስታወሻዋ ለደብሪቱ ናት።

ደብሪቱ ከዚያው ሱቅ በኮምፔርሳቶ ተከፍሎ የተከራየችውን ጥግ ይዛ እንደሱው ፎርም ትሞላለች። ኢንተርኔቷ ሲም የምትጎርስ አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት።

«ይኼን ነው ኢንተርኔት የምትይው?» ይላታል ደንበኛ እየሰማ። «ጥርባ ድረስ በእግርሽ ሄደሽ መልእክቱን ብትነግሪያቸው ይፈጥናል።»

«ለኔ ይበቃኛል፣ ጋሽ ፀጋው።»

ከነሐሴ ወዲህ ግን ፋይበሩ ራሱ ይንቀራፈፍ ጀመር። ደብሪቱ ጋ ሰው ሲበዛ ይብስበታል። ፀጋው ሌባውን ለመለየት ጊዜ አልፈጀበትም። ነሐሴ ላይ እሱ ለለቅሶ ዳንግላ ሄዶ ሳለ ሰማዩ ሲያጓራ ውሎ ነበር። ሚስቱ ካሳነሽ መብረቅ ፈርታ፣ እንደ ልማዷ ዕቃውን ሁሉ ነቃቅላ፣ ሲያባራ ብትሰካው ኢንተርኔቱ እምቢ አለ። ደብሪቱን ጠራቻት። ደብሪቱ ኮምፒውተሩን ነካካችና ሠራ።

«አስተካከለችልን» አለችው ካሳነሽ ማታውኑ።

«አስተካክላ ወደ ራሷ ቀጠለችው በይ እንጂ!»

የካሳነሽ ጭንቀት ግን አቧራ ነው። ቴሌቪዥኑን፣ ፕሪንተሩን፣ ፋይበሩ የሚሰካበትን ራውተር ሳይቀር በሠራችው ነጭ ዳንቴል ሸፍናለች።

ጥቅምት ላይ አንድ የባሕር ዳር ድርጅት፣ ከአዘና እስከ ዳንግላ ያሉ ድንች አምራቾችን ለሁለት ዓመት የሚመዘግብ አንድ ሱቅ እንደሚፈልግ አስታወቀ። ማመልከቻው የሚገባው በኢንተርኔት ብቻ ነው፤ ዓርብ ዐሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል። ደንበኛ እየሸሸው ስለሆነ ፀጋው ይህን ካላገኘ ሱቁን መዝጋቱ ነው። ቢሆንም ሥራው የሱ መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ ካወራ ሰንብቷል። ሌላ ማን ፋይበር አለው?

ዓርብ ለዐሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ፋይሉን መላክ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ የመላኪያዋ መስመር እየተጎተተች ከመቶ ሠላሳ ላይ ደረሰች። በኮምፔርሳቶው ማዶ የደብሪቱ ደንበኞች ይስቃሉ።

ፀጋው ብድግ ብሎ በሯን በርግዶ ገባ።

«በቃሽ! ዕቃሽን ሰብስቢና ከቤቴ ውጪልኝ!»

ደብሪቱ ቀና ብላ አየችው።

«እወጣለሁ። ግን እርስዎ የሚልኩትን ይጨርሱ፣ ከዚያ ልንቀለው።»

«እስከዚያ ልትጠቢኝ? አሁን ንቀይው! አሁኑኑ!»

«ጋሽ ፀጋው፣ ይቆጭዎታል።»

«ደግሞ ታስፈራራኛለች! ንቀይ አልኩ!»

ደብሪቱ ሳጥኗን ነቀለች፤ ገመዱን ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ባጃጅ ጠርታ ሄደች። ፀጋው ፋይበሩ በመጨረሻ ለብቻው ሲሮጥለት ለማየት እጁን እያሻሸ ተመለሰ።

መስመሯ ስልሳ ሁለት ላይ ቆማለች።

ኮምፒውተሩን አጥፍቶ አበራው። ጠረጴዛውን ደበደበ። በስልኩ እንዳይልክ፣ የሲም ጥቅል ገዝቶ አያውቅም፤ ንቆት። ደብሪቱ ጋ ደወለ።

«ምን አድርገሽበት ነው የሄድሽው? አንቺ መሠሪ!»

«የራሴን ነቀልኩ እንጂ ምንም አላደረግኩም» ብላ ዘጋችው።

ዐሥር ሰዓት ሞላ። ፀጋው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ፤ አፍሮም ተናዶም ዓይኑ እንባ ሞላ።

ካሳነሽ የራውተሩን ዳንቴል ገልጣ፣ ወደ ጀርባው አጎንብሳ አየች።

«ፀጋው፣ ነሐሴ ላይ ነቅዬ ያልመለስኳት ይቺ ቀጭን ገመድ ግን የምን ነበረች?»